የበቆሎው መድኃኒት፣ የቡናው ችግኝ

በቦንጋ ዙሪያ የቡና ችግኝ መደብ ከበቆሎና ከጤፍ ማሳ ብዙም አይርቅም። የማሳው አረም ደግሞ በቱ ፎር ዲ (2,4-ዲ) ይረጫል። ጉልበት ሲጠፋና አረም ሲበረታ ገበሬውን «ለምን ረጨህ?» ብሎ መውቀስ አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ የረጨው ነገር ምን እንደሆነ በወጉ የነገረው አለ?

ቱ ፎር ዲ ቅጠል አቃጥሎ የሚገድል ተራ መርዝ አይደለም። ተክል ለዕድገቱ የሚያመነጨውን ኦክሲን የተባለ ሆርሞን አስመስሎ በፋብሪካ የተሠራ ነው። በቆሎና ጤፍ የሣር ዘር ስለሆኑ ይቋቋሙታል። ቅጠለ ሰፊው አረም ግን «እደግ» የሚለው ትእዛዝ አላቆም ብሎት፣ ዕድገቱ ተዛብቶ፣ ተጠማዝዞ ይሞታል። ቡናም ቅጠለ ሰፊ ነው።

የሚገርመው፣ ይኸው ኬሚካል በቤተ ሙከራ ቡናን ለማባዛት ያገለግላል። ከቡና ቅጠል ቁራጭ ችግኝ ለማውጣት በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ይጨመራል። የሚያበቅለውንና የሚገድለውን የሚለየው መጠኑ ነው።

ሆርሞን በኢምንት መጠን ይሠራል። ስለዚህ መርጫው ውስጥ የቀረች ጭላጭ፣ ወይም ነፋስ ይዞት የመጣ ብናኝ ለችግኝ ትበቃለች። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ግንዱ ይጣመማል። ገበሬው በሽታ ይመስለዋል፤ የበሽታ መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል፤ ያውም በዚያው መርጫ!

ኪሳራው የአንድ መደብ ብቻ አይደለም። ቡና ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያ ምርት ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል። የዘንድሮ ችግኝ ሲበላሽ የሚዘገየው የቤተሰብ ገቢ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በዱር ቡናው ምክንያት ጭምር በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው በካፋ ምድር ነው።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ቆይቷል። ነገር ግን አዋጅ መርጫ አያጥብም። የሚያስፈልገው ቀላል ነው፦ ለችግኝ የራሱ መርጫ ይኑር፤ ርጭቱ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን፤ ሻጩም የልማት ሠራተኛውም የመድኃኒቱን ጠባይ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ያስረዱ። ጠርሙሱን ሸጦ ዕውቀቱን ማስቀረት ግማሽ አገልግሎት ነው፤ የቀረውን ግማሽ ዕዳ የሚከፍለው ችግኙ ነው።