ብርሃን አስተፃምሮ በኮሪያ

ትምህርቴን ጨርሼ ከኮሪያ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ከሁለት አንዱን ነው። ወጣቱ ስለ ተከታታይ ፊልሞቻቸውና ስለ ዘፋኞቻቸው ይጠይቀኛል። ጎልማሳው ደግሞ «ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ሊዋጋላቸው ሲዘምት ከእኛ የባሱ ድሆች ነበሩ፤ ምን ተአምር ሠርተው እዚህ ደረሱ?» ይለኛል። «ለመሆኑ በምን ቋንቋ ተማርክ?» ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አምስት ዓመት ኖሬ ይዤው የመጣሁት ቁም ነገር ያለው እዚህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ውስጥ ነው።

በኮሪያ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሄድ ተማሪ ወደ ዋናው ትምህርት ከመግባቱ በፊት እንደ ደንቡ አንድ ዓመት ቋንቋቸውን ይማራል፤ ፈተናም ያልፋል። እኔ መጀመሪያ ላይ አኩርፌ ነበር። «የመጣሁት የእርሻ ሳይንስ ልማር ነው፤ ይህ ምን ያደርግልኛል?» አልኩ። ፊደሉ ግን በጥቂት ቀናት ገባኝ። ግሡ እንደ አማርኛችን ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ለታላቅ የሚነገረው ለእኩያ ከሚነገረው ይለያል። ለአዛውንት ዕቃ የሚሰጠው በሁለት እጅ ነው። ሳላስበው ቤተኛ ሆንኩ።

በሁለተኛው ዓመት መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ጓንግሃፕሶንግ» ብለው ጻፉ። ቃሉን ፈታሁት። ጓንግ ማለት ብርሃን ነው፤ ሃፕሶንግ ደግሞ አጣምሮ መሥራት። ብርሃን አስተፃምሮ! አዲስ አበባ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በአማርኛ የተማርኩት ቃል፣ በዚያው ብልሃት ተሠርቶ፣ ከባሕር ማዶ ጠበቀኝ።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነና ነገሩ «ፎቶሲንተሲስ» ተባለ። ያን ዕለት «ቅጠሉ ሌሊት ምን ያደርጋል?» ብዬ ልጠይቅ ነበር። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ስገጣጥም ደወሉ ተደወለ። ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እጄን አላነሳሁም። ሸመደድኩ፤ አለፍኩ። ኮሪያ ውስጥ ግን ከጎኔ የተቀመጠው የገበሬ ልጅ ይህን የመሰለ ጥያቄ አባቱ በሬ በሚነዱበት ቋንቋ ሲጠይቅ ሰማሁ። በባቡራቸውም በፎቃቸውም ያልቀናሁትን ያህል በዚያ ልጅ ቀናሁ።

«የእነሱ ቋንቋ የዳበረ ነዋ!» የሚሉ አሉ። እስቲ ታሪኩን እንየው። ንጉሥ ሴጆንግ ዛሬ ሃንጉል የሚባለውን ፊደል በ1446 ከማወጁ በፊት፣ በ1444 ቼ ማሊ የተባለ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ «ከቻይና ጽሕፈት መለየት ከአረመኔ መቆጠር ነው» ሲል ተቃውሞ ነበር። ሊቃውንቱ ፊደሉን ለዘመናት ናቁት፤ የመንግሥት መጻፊያ የሆነው ገና በ1894 ነው። ጃፓኖች ከ1938 ጀምሮ ቋንቋውን ከትምህርት ቤት አስወጡት። በ1942 መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ የነበሩትን ምሁራን አሰሯቸው፤ ሁለቱ እስር ቤት ሞቱ። የተወሰደው ረቂቅ ነፃነት በመጣበት በ1945 ከሴኡል ባቡር ጣቢያ መጋዘን ተገኘ። የዳበረ የሚባለው ቋንቋ እንግዲህ ሰው ታስሮለት፣ ሞቶለት የዳበረ ነው።

እኛስ? ብርሃን አስተፃምሮን የመሰለ ቃል የሠሩልን የራሳችን ሰዎች ናቸው። እኛ ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆንን። ቃሉን ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀብረን «ልጄ አማርኛ አይችልም» እያልን እንኩራራለን።

መልስ የሚሹ ተቃውሞዎች መኖራቸውን አውቃለሁ። አንደኛው «እንግሊዝኛ ዓለምን ያገናኛል» የሚለው ነው። እውነት ነው። ኮሪያውያንም ለእንግሊዝኛ ማስጠኛ ገንዘባቸውን ያፈሳሉ፤ የሚማሩት ግን እንደ ቋንቋ ነው። ሁለተኛው «እኛ ብዙ ቋንቋ አለን» የሚለው ነው። እኔስ መቼ አማርኛ ብቻ አልኩ? በኦሮሚያና በትግራይ ሳይንስ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአካባቢው ቋንቋ ሲሰጥ ኖሯል። እዚያ ድረስ የቻለ ቋንቋ ዘጠነኛ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ለምን ዲዳ ይሆናል? ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ሰሜን ኮሪያም ያው ቋንቋ፣ ያው ፊደል አላት፤ ግን ድሃ ናት። ልክ ነው፤ ፊደል ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም። እኔም ሃብት ያመጣል አላልኩም። ልጅ እጁን እንዲያነሳ ያደርጋል ነው ያልኩት።

ስለዚህ ከትንሹ እንጀምር። መማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይሁን ቢባል እንኳ፣ ተማሪው በአፉ በፈታበት ቋንቋ እንዲጠይቅ ይፈቀድለት፤ መምህሩም በዚያው ቋንቋ ቢመልስ እንደ ጥፋት አይቆጠርበት። ይህ ብድርም ዕርዳታም አይጠይቅም።

ቅጠሉ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ዛሬ አውቃለሁ፤ ብርሃን ሲጠፋ ምግብ መሥራቱን ያቆማል፤ መተንፈሱን ግን አያቆምም። መልሱን ያገኘሁት ግን በኮሪያኛ ነው። አገሬ ለጠየቀኝ ሰው ስነግረው ይስቃል። እኔን ግን አያስቀኝም።