የመግሪብ ጥድፊያና ሞተር ብስክሌት

በረመዳን ከአስር ሶላት በኋላ መካነ ሰላም ላይ የሞተር ድምፅ ይበዛል። ገበያ የዋለውም፣ ከአቀስታ በኩል የመጣውም፣ ወደ ገጠር ቀበሌው የሚመለሰውም ለኢፍጣር ይጣደፋል። ሰዓቱ ግን አስቸጋሪ ነው። ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ፀሐይዋ ዐይን ትወጋለች፤ ከብቱ ከግጦሽ ሲገባ መንገድ ያቋርጣል፤ ነጂውም በጥማትና በእንቅልፍ እጦት ዝሏል። ጾሙ ከበልግ ጋር ሲገጥም ጉምና ጭቃ ይጨመራል።

በውጭ አገር አደጋን ቀድሞ የሚለይ ሞተር መሥራት ከተጀመረ ቆይቷል። የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረበው መሣሪያ ሞተሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ እየለካ፣ ኩርባ ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ ይረዳል። ህንድም ከ2019 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዲስ ሞተሮች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን ግዴታ አድርጋለች። በእኛ መንገድ የምናያቸው አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። እዚህ አደጋን የሚለየው የነጂው ዐይንና እጅ ነው።

ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የማቆሙን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው የፊት ፍሬን የሆነው ለዚህ ነው። ጠጠር ወይም ጭቃ ላይ የፊት ጎማ ከተቆለፈ ግን መሪው ያመልጣል። ስለዚህ ወደ አባይ በሚወርደው ቁልቁለት ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደርስ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መውረድን እኔ ቁጠባ አልለውም። ሦስት ሰው ተፈናጦ ከኋላ ጆንያ ሲታሰር ደግሞ የፊት ጎማው ይቀላል፤ መሪው አይታዘዝም።

እህቶች፣ የጅልባባችሁን ጫፍ ሳትሰበስቡ አትፈናጠጡ፤ ሰንሰለቱ ከያዘው ሰውን ይዞ ይጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ የታሰረ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። እኛ ዘንድ ነጂው ቢያደርግ እንኳ ከኋላ ያለው ባዶ ራሱን ነው። ለዒድ ልብስ ስንገዛ ይህንንም እናስብ።

ፊጥርን ማፋጠን ሱና ነው፤ ቤት ደርሶ ማፍጠር ግን የሱናው መስፈርት አይደለም። ሦስት ተምርና ውሃ የያዘ ሰው አዛን በደረሰበት ከመንገድ ወጥቶ ያፈጥራል፣ መግሪቡን ይሰግዳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይገባል። ሾርባው ቢቀዘቅዝ ይሞቃል። ቤት ያላችሁትም፣ መግሪብ ሲቃረብ «የት ደረስክ?» እያላችሁ አትደውሉበት።