ኩባንያና ኅሊና

ኩባንያ በሕግ ፊት እንደ አንድ ሰው ይቈጠራል፤ ይዋዋላል፥ ሀብት ያፈራል፥ ይከሳል፥ ይከሰሳልም። ነገር ግን የሚያፍርበት ፊት፥ የሚወቅሰውም ልብ የለውም። ስለዚህ ኅሊና የሚሆኑት ባለቤቶቹና ሹሞቹ፥ ከእርሱም ጋራ የሚነግዱት ሁሉ ናቸው። እነዚህ ኅሊናቸውን ከደጅ ትተው የገቡ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስ በባንግላዴሽ አገር የሆነው ነገር ያስረዳል።

በዳካ ከተማ አጠገብ፥ ሳቫር በሚባል ስፍራ፥ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ 8 ደርብ ሕንፃ ነበረ። ለሱቅና ለቢሮ የታሰበ ሲሆን፥ ከላዩ ያለ ተገቢ ፈቃድ ደርብ ተጨምሮበት፥ 5 የልብስ ፋብሪካዎች ገብተውበት ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ሕንፃው ተሰንጥቆ ታየ። በታች የነበሩት ባንክና ሱቆች ተዘጉ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ ታዘዙ። ሚያዝያ 16 ቀን ረቡዕ ጧት ሕንፃው ፈረሰ፤ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፥ ከ2,000 የሚበልጡም ቈሰሉ።

እጅግ የሚያሳዝነው አደጋው ሳይታወቅ የመጣ አለመሆኑ ነው። ስንጥቁን ባንኩም አየ፥ ፋብሪካውም አየ፤ ልዩነቱ አንዱ ለሰው ሕይወት፥ ሁለተኛው ለልብሱ መላኪያ ቀን መፍራቱ ነው።

በግንቦት 2005 ዓ.ም. ልብሱን የሚያዝዙት የውጭ ነጋዴዎች ከሠራተኞች ማኅበራት ጋራ ፋብሪካዎቹ በነጻ መርማሪዎች እንዲታዩ የሚያስገድድ ውል ተፈራረሙ። ለተጐዱት ካሳ የታሰበው 30 ሚሊዮን ዶላር የሞላው ግን በ2007 ዓ.ም. ነው። ውሉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የሞተውን አይመልስም።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ አደጋ ሲታይ ሥራን ማቆም ከትርፍ ይቀድማል። ሁለተኛ፥ ከሩቅ ሆኖ በርካሽ ዋጋና በአጭር ቀን የሚያዝዝ ነጋዴ ከኃላፊነቱ አያመልጥም። ሦስተኛ፥ ለድኻ መመጽወት ለሠራተኛ የሚገባውን መከልከልን አይሸፍንም።

በአገራችንም እንደ ሐዋሳ ባሉት የኢንዱስትሪ ፓርኮች ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፋልና፥ ይህ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት ግድግዳውን ይመልከት፤ ካህናትም ባለጠጋውን ስለ ምጽዋቱ ሲያመሰግኑ ስለ ሠራተኞቹ ይጠይቁት። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።