ብቻቸውን ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ወጣቶችና የመጀመሪያዎቹ ወራት ዋጋ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረችበት ጊዜ አንሥቶ ከየአቅጣጫው በሚመጣ ሕዝብ ያደገች ከተማ ናት። ከጉራጌ አካባቢ የመጡ ነጋዴዎች በመርካቶ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳ የያዙት ቦታ ይህንኑ ይመሰክራል። ቀደምቶቹ መጪዎች አንድ የሚጋሩት ነገር ነበራቸው። መጪው ከመኪና ሲወርድ የሚቀበለው፣ የሚያሳድረው፣ ሙያ የሚያስይዘውና ለአሠሪው ዋስ የሚሆነው የአገሩ ሰው በከተማው ውስጥ ቀድሞ ይገኝ ነበር። ለመስቀል በዓል አገር ቤት የገባ ነጋዴ ሲመለስ የወንድሙን ልጅ አስከትሎ የሚመጣበት ልማድ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የታወቀ ነው።

ዛሬ በላምበረት፣ በቃሊቲ፣ በአየር ጤናና በአስኮ መናኸሪያዎች ከሚወርዱት ወጣቶች መካከል እንዲህ ያለ ተቀባይ የሌላቸው ጥቂቶች አይደሉም። አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የቅጥር ፈተና ሊፈተን፣ ሌላው በግንባታ ቦታ የቀን ሥራ ሊሠራ፣ ሌላዋ በሰው ቤት ልትቀጠር ትመጣለች። የሚያመሳስላቸው ውስን ገንዘብ ይዘው ብቻቸውን መምጣታቸው ነው።

የእነዚህ ወጣቶች ከፍተኛ ወጪም ሆነ ከፍተኛ ተጋላጭነት የሚከማቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ነው። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። አገሪቱ ባለፉት ዓመታት ያወጣቻቸው የኪራይና የሥራ ሕጎች ጠንካራ ጥበቃ የሚሰጡ ቢሆንም፣ ጥበቃው በተግባር የሚጀምረው በእጅ ከተያዘ ውልና ከታወቀ ማንነት ነው። አዲስ መጪው ግን ውልም ሆነ የከተማ መታወቂያ ከማግኘቱ በፊት ማደርና መብላት ይኖርበታል።

የቤት ኪራይ ሒሳብ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራዮች ትልቅ እርምጃ ነው። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ የኪራይ ጭማሪም አከራዩ በፈለገ ጊዜ ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ የሚደረግ ነው።

የእነዚህ ድንጋጌዎች ትርጉም በአንድ ምሳሌ ሊታይ ይችላል። ወርኃዊ ኪራዩ 4,000 ብር የሆነ አንድ ክፍል ለመከራየት የተስማማ ወጣት በሕጉ መሠረት ሊጠየቅ የሚችለው ቅድሚያ ክፍያ ቢበዛ 8,000 ብር ነው። ሕጉን የማያውቅ ወይም አውቆም የመከራከር አቅም የሌለው ከሆነና የስድስት ወር ከተጠየቀ ግን 24,000 ብር ይከፍላል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ማስተካከያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ማለቱ ይታወቃል። በመሆኑም በሁለቱ መካከል ያለው የ16,000 ብር ልዩነት በዚህ ደመወዝ ለሚጀምር ሰው ከሁለት ወር ተኩል ደመወዝ በላይ ነው። በዚህ ላይ የደላላ ክፍያ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ የውኃ ጄሪካንና ባልዲ ይጨመራሉ። እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት የመጀመሪያው ደመወዝ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሥራ በገባ በማግስቱ ደመወዝ የሚቀበል የለምና፣ ሥራ ፍለጋው በሚፈጀው ጊዜ ላይ ቢያንስ አንድ ወር ተደምሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ዋናው ተግዳሮት ግን ብዙዎቹ አዲስ መጪዎች ሙሉ ክፍል የመከራየት አቅም የሌላቸው መሆኑ ነው። በደባልነት የሚኖረው ወጣት ስሙ በውሉ ላይ አይሰፍርም። ለአልጋ በቀን እየከፈለ የሚያድረው ደግሞ ጭራሽ ውል የለውም። ውሉ በሌላ ሰው ስም የሆነበት ተከራይ፣ ያ ሰው ቤቱን ሲለቅ ወይም ሲጣላው፣ የሁለት ዓመት ዋስትናውም ሆነ የጭማሪ ገደቡ ለእርሱ አይደርሰውም። በመሀል ከተማ ይገኙ የነበሩ አሮጌና ርካሽ ቤቶች በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ሲነሱ፣ አነስተኛ ኪራይ ፈላጊው ወደ ዳር እንደሚገፋም እሙን ነው።

ዳር መውጣት ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። በየካ አባዶ ወይም በቱሉ ዲምቱ የተገኘ ቅናሽ፣ ወደ ሥራ ቦታ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ የሚጠይቅ ከሆነ ቅናሹ በወር መጨረሻ በትራንስፖርት ያልቃል። በአንጻሩ የከተማ አውቶቡስ ወይም ቀላል ባቡር በሚያልፍበት መስመር የሚገኝ፣ ኪራዩ ጥቂት ከፍ ያለ ክፍል በድምሩ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚነጻጸረው የኪራዩ ብቻ ሳይሆን የኪራዩና የወሩ መመላለሻ ድምር ሊሆን ይገባል። ሥራው የት እንደሆነ ሳይታወቅ ለረጅም ጊዜ ክፍያ መፈጸምም ለዚሁ ኪሳራ ይዳርጋል።

ሥራ፣ ውልና ደላላ

በሥራው በኩልም ያለው ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይረዝም ይደነግጋል። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲም ለአገር ውስጥ ሥራ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም።

ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለአዲስ መጪ ልዩ ትርጉም አለው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ዋጋውን የሚጠይቀው አሠሪውን ነው። በመናኸሪያ አካባቢ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ «መጀመሪያ የምዝገባ ክፈል» የሚል ሰው ግን ሥራው ኖረም አልኖረ ገንዘቡን አስቀድሞ ይወስዳል። ሥራ ፈላጊው እጁ ላይ የቀረው ገንዘብ እየተመናመነ በሄደ ቁጥር ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ እሺ የማለት ዕድሉ ይጨምራል። ችኮላውን የሚፈጥረው የወጣቱ የዋህነት ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው ሳምንት ኪራይ ነው። ይህን ጥያቄ ያለ ክፍያ ማስቀረት የሚቻለው በየወረዳው በሚገኙ የሥራ ፈላጊ ምዝገባ ማዕከላትና በኢትዮጵያ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት በኩል ነው።

በሰው ቤት ተቀጥረው ለመሥራት የሚመጡ ወጣት ሴቶች ሁኔታ ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚሻ ነው። የቤት ሠራተኛነት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሚሸፈኑት የሥራ ውሎች ውጭ በመሆኑ፣ የሥራ ሰዓት ገደቡና ሌሎቹ የአዋጁ ጥበቃዎች ለዚህ ሥራ በቀጥታ አይሠሩም፤ በአሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛን በሚመለከት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው ተፈጻሚ የሚሆኑት። በሌላ በኩል ለአንዲት ወጣት ይህ ሥራ መኝታና ምግብን አንድ ላይ የሚያስገኝ በመሆኑ፣ ከላይ የታየውን የኪራይ ሒሳብ በአንድ ጊዜ ያቃልላል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ጥቅም ነው። ሥራዋን ያጣች ዕለት ማደሪያዋንም ታጣለች። ከአሠሪዋ ጋር ያልተስማማች ሠራተኛ በዚያው ምሽት የምትሄድበት ደላላው ቤት ብቻ ከሆነ፣ የመደራደር አቅሟ እጅግ ዝቅተኛ ይሆናል። ስለዚህ ደመወዙ፣ የዕረፍት ቀኑና የሥራው ዓይነት በምስክር ፊት በጽሑፍ መስፈሩ፣ ደመወዙም በአሠሪዋ እጅ ከሚጠራቀም በራሷ የባንክ ሒሳብ በየወሩ መግባቱ ቀላል የሚመስል ግን ወሳኝ ጥንቃቄ ነው።

መታወቂያ፣ መሸኛና ዋስ

አከራዩ መታወቂያ ይጠይቃል፤ አሠሪው መታወቂያና ዋስ ይጠይቃል፤ ወረዳው በነዋሪነት ለመመዝገብ ከቀድሞው መኖሪያ የተሰጠ መሸኛና የሚታወቅ የመኖሪያ ቤት ይጠይቃል። አንዱ ሌላውን ስለሚጠብቅ አዲስ መጪው በክብ መንገድ ሲዞር ይሰነብታል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ቢሆን ተጠቃሚ ቤተሰቦችን የሚለየው በየአካባቢው ነዋሪነታቸው ከታወቀ ሰዎች መካከል በመሆኑ፣ ትናንት የመጣን ሰው በቀላሉ አያገኘውም።

ከዚህ አዙሪት አንዱን ቀለበት ሊያላላ የሚችለው በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ ነው። ፋይዳ የሚያያዘው ከቀበሌ ጋር ሳይሆን ከግለሰቡ ጋር ነው፤ ምዝገባው በነጻ ነው፤ ከጉዞ በፊት በትውልድ አካባቢም ሊፈጸም ይችላል። የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ሆነ ማንነትን ለማረጋገጥ ይጠቅማል። ሆኖም የነዋሪነት መታወቂያን አይተካም፤ ስለሆነም መሸኛን ትቶ መምጣት በኋላ ለመመላለሻ ትራንስፖርት ሌላ ወጪ ያስከትላል።

ዋስን ግን በዲጂታል ሥርዓት ማግኘት አይቻልም። በገንዘብ ተቀባይነት፣ በጥበቃና በዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ደመወዝተኛ ዋስ የመጠየቅ ልማድ ሰፊ ነው። የተማረና የሠለጠነ ወጣት ሥራውን የሚያጣው ችሎታ አንሶት ሳይሆን የሚያውቀው ሰው በማጣቱ ሊሆን ይችላል። ከዚህ አኳያ የአገር ልጅ ማኅበር፣ የቀድሞ የትምህርት ጓደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጀማዓ፣ የእቁብ አባልነት የሚሰጡት ጥቅም የስሜት ብቻ አይደለም። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው አባባል በሥራ ገበያው ውስጥ የሚቆጠር ዋጋ አለው።

ምን ሊደረግ ይገባል?

ከወጣቱና ከቤተሰቡ የሚጠበቀው ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ይጀምራል። የትምህርት ማስረጃ ከነቅጂው፣ ፋይዳና መሸኛ ከልብስ ቀድመው የሚያዙ ናቸው። የሚያዘው ገንዘብ ቢያንስ ለሁለት ወር ማደሪያና ምግብ የሚበቃ ሊሆን፣ ከእርሱም የመመለሻው ትራንስፖርት ተነጥሎ ሊቀመጥ ይገባል። ከተማው ውስጥ በቀን መድረስ፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የሚያሳልፉበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ፣ ያረፉበትን ሰፈርና የቤት ቁጥር ለቤተሰብ ማሳወቅ ወጪ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው። ቤት ሳያዩ ገንዘብ ማስተላለፍ፣ የመታወቂያ ዋናውን ለደላላ መስጠት ግን ሊወገዱ የሚገባቸው ናቸው። በደባልነት ለሚገባም ቢሆን፣ ድርሻውን በባንክ መክፈሉና ስሙን በውሉ ላይ ለማስፈር መጠየቁ በኋላ ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይሆነዋል።

ከተቋማት የሚጠበቀው ደግሞ ጥበቃውን ወደ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅረብ ነው። ስለ ኪራይ አዋጁና ስለ ነጻ የሥራ ምዝገባ የሚሰጠው መረጃ መጪው ከዓመት በኋላ በሚደርስበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን በሚወርድበት መናኸሪያና በሚነሣበት ወረዳም ሊገኝ ይገባል። የጋራ ተከራዮች ስም በአንድ ውል ላይ እንዲሰፍር ማበረታታት፣ አሠሪዎችም ዋስ በማይጠይቅ መንገድ የሠራተኛን ታማኝነት የሚያረጋግጡበትን አሠራር ማመቻቸት ደባሉንና ዋስ አልባውን ከሕግ ጥላ ሥር የሚያስገቡ እርምጃዎች ናቸው። የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ በተለየ ሕግ የመደንገጉ ጉዳይም ከዚሁ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

በመጨረሻም ከቤተሰብ የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ። ብዙ ወጣት ገንዘቡ ሲያልቅ ወደማይፈልገው ሥራና ወደማያምነው ሰው የሚሄደው «ባዶ እጄን እንዴት እመለሳለሁ» በሚል ሐፍረት ነው። የመመለሻ ገንዘብ ተነጥሎ እንዲቀመጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው። በሁለተኛው ወር ተመልሶ፣ ማስረጃውን አሟልቶና ተቀባይ አዘጋጅቶ ዳግም መምጣት እንደ ሽንፈት ሊቆጠር አይገባም። ይህን አስቀድሞ ለልጁ የነገረ ቤተሰብ፣ ከሚሰጠው ስንቅ ሁሉ የበለጠውን ሰጥቶታል።