ለማስታወቂያው ውሻ ስሙ ይጻፍለት

የዱሉክስ ቀለም ማስታወቂያ እንግሊዝ ውስጥ ከ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓይኑ በጸጉር የተሸፈነ ግዙፍ የበግ እረኛ ውሻ ሲያሳይ ኖሯል። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ውሻ ያየ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ውሻ፣ ዳሽ፣ ስምንት ዓመት ሠርቶ ቦታውን ለቀቀ፤ የተካው ዲግቢ ከእሱም በላይ ዝነኛ ሆነ፤ ለየት ያለ ትርኢት ሲፈለግበትም ስመ ጥሩዋ አሰልጣኝ ባርባራ ዉድሃውስ ታለማምደው ነበር። ከእነሱ በኋላም ሌሎች ተተካክተዋል። የእያንዳንዱ ጠባይና የአሰልጣኙ ድካም ግን ተሰውሮ፣ በተመልካቹ ዘንድ የቀረው ዝርያው ብቻ ነው። ማስታወቂያ ሠሪዎች የአንዱን ውሻ ተሰጥኦ የዝርያው ሁሉ ሀብት አስመስለው ያቀርባሉ፤ ይህም ውሾችን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ።

ቀረጻ ላይ ውሻ ምን እንደሚጠበቅበት እናስብ። መብራቱ ይሞቃል፤ የማያውቃቸው ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እሱ ግን ከካሜራው ጀርባ ያለውን አሰልጣኙን ብቻ እያየ ያንኑ እርምጃ ሳይደነብርና ሳይሰለች ይደጋግማል። ለዚህ የሚበቃው የተረጋጋ፣ ሰው የሚወድ፣ ለቁራሽ ምግብ ወይም ለኳስ ሲል መልፋት የማይታክተው ውሻ ነው፤ እንዲህ ያለው ከአንድ እናት ቡችሎች መካከል እንኳ ተመርጦ ነው የሚገኘው። በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣና ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን የተመለከተ ጥናት፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚብራራው 9 በመቶ ገደማው ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ምስልና ጠባይ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ደግሞ ኒፐር ይመሰክራል። በታወቀው ሥዕል ላይ ግራሞፎን ፊት ቁጭ ብሎ የጌታውን ድምፅ የሚያዳምጠው ይህ ውሻ ዓለም የታማኝነት ምሳሌ አድርጎ የያዘው ነው። ስሙን ያገኘው ግን የእንግዳ እግር ስለሚነክስ ነበር፤ ሠዓሊው ፍራንሲስ ባሮ ያን ሥዕል የሠራውም ውሻው በ1895 ከሞተ በኋላ ነው።

«ማስታወቂያው የሚሸጠው ቀለም እንጂ ውሻ አይደለም» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። በ2014 የታተመ የአሜሪካ የውሻ ምዝገባ ጥናት፣ አንድ ዝርያ በፊልም ከታየ በኋላ ፈላጊው እስከ አሥር ዓመት ሊጨምር እንደሚችል አሳይቷል። ማስታወቂያ ደግሞ ከፊልም በበለጠ ደጋግሞ ቤታችን ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ በ2018 ፍሬንች ቡልዶግ በምዝገባ ላብራዶርን በልጦ አንደኛ ወጣ። ፊቱ ጠፍጣፋ በመሆኑ ብዙው ለመተንፈስ ይቸገራል፤ የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ማስታወቂያ ሠሪዎች እንዲህ ያሉ ውሾችን እንዳይጠቀሙ ሲወተውት ቆይቷል። ፋሽን ሲያልፍም ዝርያው ይረሳል፤ ያ የዱሉክስ ዝርያ ራሱ በ2020 ከ300 በታች ቡችሎች ብቻ ከተመዘገቡላቸው ዝርያዎች አንዱ ነበር። በሕግ በኩል፣ በ2018 በእንግሊዝ የወጣው ደንብ ለትርኢት እንስሳትን የሚያሠለጥኑ ሰዎች ፈቃድ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ይህ ፈቃድ የሚጠብቀው ግን ካሜራ ፊት ያለውን ውሻ እንጂ ማስታወቂያውን አይቶ ሰው የሚገዛውን ቡችላ አይደለም።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ በማስታወቂያው መጨረሻ የውሻው ስም፣ ዕድሜው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠለጠነና የአሰልጣኙ ስም ይጻፍ። ውሻው ማንበብ አይችልም፣ ለክብሩ ግድ የለውም ይባል ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን የሚጻፈው ለገዢው ነው። ሰከንድ ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ክብደት አለው፤ ሆኖም የባንክ ብድር ማስታወቂያ ማስጠንቀቂያውን በደቃቅ ፊደል ከሥር ማስፈር ከቻለ ሁለት ስምና ሁለት ቁጥር የሚያስቸግር አይሆንም። በ2016 የጆን ሉዊስ መደብር የገና ማስታወቂያ ላይ የታየው ቦክሰር የተባለው ዝርያ ውሻ በታሪኩ ውስጥ በስተር ቢባልም፣ ትክክለኛ ስሙ ቢፍ ነበር። ይህ ስም ከሥር ቢሰፍር ኖሮ፣ ለልጁ ቦክሰር ሊገዛ የተነሣ ወላጅ ያየው የሠለጠነ ተዋናይ መሆኑን ይረዳ ነበር። ከዚያም ከ1860 ጀምሮ የተጣሉ ውሾችን ወደሚያስጠልለው ወደ ባተርሲ ጎራ ብሎ፣ በዝርያ ፋንታ ስለ አንድ ውሻ ጠባይ የሚነግረው ሠራተኛ ሊያገኝ ይችል ነበር።