ላፕቶፕ ምረጡ አላችሁን፤ ሶኬቱስ የት አለ?

መቼም "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" ይላሉ አበው። እኔም ቸግሮኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ የደሴን ፒያሳ ከላይ እስከ ታች እየዞርኩ አሮጌ ላፕቶፕ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ደሴ ከእናታችን ጋር እየኖረች ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ ትማራለች። መምህሩ "ስዕሉን በሶፍትዌር ሠርታችሁ አምጡ፤ ላፕቶፕ የሌለው ከጓደኛው ይለምን" አሏቸው። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። እናታችን ደወለችልኝ። "አንተ የተማርክ ነህ፤ ሂድና ምረጥላት" አለችኝ። በዲፕሎማ ተመርቆ ለጋዜጣ የሚጫጭር ሰው እንደ ኮምፒዩተር ሊቅ የሚቆጠረው እኛ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ሱቅ ገባሁ። ነጋዴው አንዱን ማሽን በጨርቅ ወልወል አደረገና "አብሽር ወንድሜ! ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ የዱባይ ዕቃ!" አለኝ። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ጠየቅኩት። ሳቀ። "ባትሪውን ምን ታደርገዋለህ? ቻርጀሩ አብሮት አለ።"

ቻርጀሩማ አለ! ሶኬቱስ?

ይህችን ጥያቄ ይዤ እህቴ የምትማርበት ግቢ ድረስ ወረድኩ። እኔ ባየሁት ክፍል ከ50 የማያንሱ ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ግድግዳው ላይ ሁለት ሶኬት አለ፤ አንዱ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ልጆቹ ወንበሩን ትተው በአንድ ምሰሶ ዙሪያ መሬት ላይ ተኮልኩለዋል። ምን ሆነው ነው ብል ማከፋፈያ ገመዱ እዚያ ስለደረሰ ነው አሉኝ። ከዚያ መብራት ሄደ። ማንም ቀና አላለም። ለምደውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ ከሳተላይት ይወርድልን ነበር። አስተማሪያችን ቾካቸውን ይዘው ጥግ ቆመው ያያሉ፤ እኛም እናያለን። መብራት ይሄዳል። ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ሌላ ርዕስ ውስጥ ገብቷል፤ ሳተላይት ደሴን አይጠብቅማ! ያለፈው ትምህርት አለፈ። ያን ጊዜ ዘመናዊነት ማለት ዕቃው መሰቀሉ ነበር፤ ዕቃው ይሠራል ወይ ብሎ የጠየቀ ፀረ ልማት ይባል ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ እህቴ ያንኑ ትምህርት ቤት በጀርባዋ ተሸክማ እየሄደች ነው። ልዩነቱ የእኛን ቴሌቪዥን መንግሥት መግዛቱ፣ የእሷን ላፕቶፕ ደግሞ እናቴ መግዛቷ ነው።

"ላፕቶፕ የቅንጦት ዕቃ ነው፤ ማን ግዙ አላችሁ?" የሚል አይጠፋም። ማን ግዙ እንዳለንማ እንቁጠረው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ፈተናው በኮምፒዩተር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ያጨበጨበው እጅ የማን ነበር? ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኮደር እናፈራለን ተብሎ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ተበሠረ። እሰየው አልን። ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22፣ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ማለት ይሄ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 120 ብርን ተሻገረ። 200 ዶላር የሚያወጣ ያገለገለ ማሽን 11,400 ብር የነበረው 24,000 ብር ሆነ ማለት ነው፤ መጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና ሳይታከል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ ተቀጥሮ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ነው ተብሏል። እንግዲህ ያ ሠራተኛ ሳይበላ ሳይጠጣ ሁለት ወር ቢሠራ እንኳ አይሞላለትም! ነጋዴው ድሮም ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ነበር የሚያመጣው፣ ጭማሪው ሁሉ የመንግሥት አይደለም የሚሉ አሉ። ይሁን። ለእናቴ ግን ጥቁሩም ነጩም ገበያ የሚከፈለው ከአንድ መቀነት ነው።

ለመሆኑ የጋራው ኮምፒዩተር የት ሄደ? የደሴና የኮምቦልቻ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ መንግሥት መልሼ ያዝኳቸው ያለው ኅዳር 27 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ። ኮምፒዩተሩ፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ ተጫነ፤ ያልተጫነው ተሰባበረ። ዘራፊው ማን እንደሆነ ተነግሯል፤ ይነገርም። ግን ጎበዝ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? ያኔ የጠፋው የጋራ ኮምፒዩተር ዛሬ በየተማሪው ጀርባ፣ በየእናቱ ገንዘብ እንዲተካ ተፈርዶብናል። ፍርዱን ማን እንደሰጠ ግን በየትኛውም ጋዜጣ ላይ አላነበብኩም።

ኢንተርኔቱንም አንርሳ። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በብዙ ቦታ ለወራት እንደተዘጋ ቆየ። በዚያን ጊዜ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ከፍቶ ምን ያነብ ነበር? የገዛ ፊቱን!

እንግዲህ የላፕቶፕ ምርጫ የምትሉት ነገር እኛ ዘንድ ይሄን ይመስላል። መብራት ስለሌለ ባትሪ ትመርጣለህ። ኢንተርኔት ስለማይታመን የማከማቻ ቦታ ትመርጣለህ። የግቢው ኮምፒዩተር ክፍል ስለተቆለፈ ክብደት ትመርጣለህ። ሌላው ዓለም ቀለምና ውፍረት እያማረጠ ነው አሉ።

መምረጡ ካልቀረ ግን፣ ሁለት ሳምንት የዞርኩበትን ያህል ልንገራችሁ፤ ነጋዴ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ። "ኮር አይ ሰቨን" የሚለውን ተለጣፊ አትመኑ። መጠየቅ ያለበት ጀነሬሽኑ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች አይቀበልም። ስለዚህ የስድስተኛ ጀነሬሽን አይ ሰቨን ከስምንተኛ ጀነሬሽን አይ ፋይቭ ያነሰ ዕድሜ ይዞ ነው የሚሸጥላችሁ። የውጭ መሥሪያ ቤቶች እነዚያን ማሽኖች በገፍ የሚያስወጡት ስለ እኛ አዝነው እንዳይመስላችሁ።

ባትሪውን በነጋዴው አፍ አትለኩ። ማሽኑ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት አለ፤ ሲፈበረክ የነበረውን አቅምና ዛሬ የቀረውን ጎን ለጎን ያሳያል። "ይህን አውጣልኝ" ስትሉት ነጋዴው ፊቱ ከተለወጠ ሌላ ሱቅ ሂዱ። መለኪያው ዋት-ሰዓት ነው። ለጽሑፍና ለቀላል ሥራ ማሽኑ 8 ዋት ገደማ ቢበላ፣ 48 ዋት-ሰዓት የያዘ ባትሪ ስድስት ሰዓት ይሄዳል። ግማሹ ካረጀ ሦስት ሰዓት። ይኸው ነው፤ ሊቅነት አይጠይቅም።

ባዮሱ በፓስወርድ ያልተቆለፈ መሆኑንም አስከፍታችሁ እዩ። ስክሪኑን ደግሞ ከሱቁ አውጥታችሁ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ እዩት። እዚያ ጥቁር የሆነው ኮምቦልቻ ሜዳ ላይም ጥቁር ነው።

ክብደቱስ? ይሄን ነጋዴው ፈጽሞ አያነሳም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። እህቴ በየቀኑ ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ፣ በሚኒባስ ተጠጋግታ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትወርዳለች፤ ማታ ትወጣለች፤ ከመናኸሪያ ቤት ደግሞ በእግር ዳገት አለ። አንዱ ሱቅ "ለኢንጂነሪንግ ይሄ ነው" ብሎ የጌም ማሽን አወጣልኝ። ሁለት ኪሎ ተኩል፤ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያክላል፤ ባትሪው ሁለት ሰዓት አይደርስም። ይሄንን ተሸክሞ ሶኬት ፍለጋ መዞር ማለት ወፍጮ ተሸክሞ እህል ፍለጋ መዞር ነው። እህቴ በጆሮዬ "ጋሼ፣ መብራቱ ግን ያምራል" አለችኝ። ኪቦርዱ ቀይና ሰማያዊ እያበራ ነበር። እውነቷን ነው፤ ያምራል።

በመጨረሻ ልቤ የወደደው በ2018 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። ያረጀ፣ ጥቁር፣ መልኩ የቢሮ ፀሐፊ። ግን ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፤ ራም መጨመሪያ ሁለት ቦታ አለው፤ ክብደቱ በትንሹ ባትሪ ከ1.6 ኪሎ አይርቅም። ዋናው ደግሞ ባትሪው ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። የውጪው ማሽኑ ሳይጠፋ ይነቀልና ሌላ የተሞላ ይተካበታል። በዩኤስቢ-ሲም ይሞላል፤ ስለዚህ የሰው ቻርጀር መዋስ ይቻላል። የሠራው ሰው ደሴን አይቶ ሠርቶት ይሆን እንዴ ብያለሁ። ባለ 1366 በ768ቱን ስክሪን ትቼ ፉል ኤችዲውን ያዝኩ። ለሰፊው ኤስኤስዲ ተጨማሪ ከፈልን፤ ኢንተርኔት በተዘጋ ቀን የሚነበብ መጽሐፍና ትምህርት ይጫንበታል። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በሙሉ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ይዞ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። መንግሥት ሲዘጋ እንኳ ይህን መዝጋት አይችልም።

"ተማሪው ላፕቶፕ የሚፈልገው ፊልም ሊያይበት ነው" የሚሉ አዛውንት ሻይ ቤት ገጥመውኛል። ይይበት! እኛ በፕላዝማው ፊት ተኝተን አልነበር? "ስልክ አለ አይደል?" የሚሉም አሉ። መመረቂያ ጽሑፋቸውን በስልክ በአውራ ጣታቸው የጻፉ ልጆች አውቃለሁ፤ ሊመሰገኑ እንጂ ሊመከርባቸው አይገባም። የሕንፃ ፕላን ግን በአውራ ጣት አይሳልም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው ተባለ። እልል ብለናል፤ ቦንድ ከገዙት አንዱ ነኝ። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሜጋ ዋት ውስጥ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ 60 ዋት መለመን ነውር ነው? ላፕቶፕ ካለው ውጪ አናስተምርም የሚል ግቢ፣ ተማሪ ሲመዘግብ ምን ዓይነት ማሽን እንደሚበቃ በአንድ ገጽ ጽፎ ይስጥ፤ ወላጅ በነጋዴ ምላስ እንዳይገዛ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ማታ ይከፈት፤ ሶኬቱ ይጠገን፤ ጄኔሬተሩ ለአስተዳደሩ ቢሮ ብቻ አይነሳ። ኢንተርኔቱም አይዘጋ። ከዚህ ውስጥ አምስት ሚሊዮን ሰው የሚጠይቅ የትኛው ነው? አንድ ኤሌክትሪሺያንና አንድ ቁልፍ ያዥ እኮ ነው!

ማሽኑን ገዛነው። የባትሪ ሪፖርቱ የውስጡ 71 ከመቶ፣ የውጪው 38 ከመቶ እንደቀረው አሳይቷል። ነጋዴው አዲስ የውጪ ባትሪ ከመርካቶ አስመጣለሁ ብሎ ቀብድ ተቀብሎኛል፤ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እህቴ እስከዚያው ምሰሶው ሥር መሬት ላይ ትቀመጣለች።