ሽጉጡ ከተገዛ በኋላ

በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ሽጉጥ መግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከግዛቲቱ ፖሊስ የብቁነት ፈቃድ ያወጣል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2013 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ፣ ከተወሰኑ ሰዎች በስተቀር፣ ዕድሜው 21 የሞላ፣ አሻራ የሰጠና ቢያንስ 4 ሰዓት የሠለጠነ መሆኑን ይጠይቃል። ከዚያም ግዢው ራሱ የ7 ቀን ጥበቃ አለው። ተቃዋሚዎች የብቁነት ፈቃዱ ሕግ መብትን ያጓትታል ብለው ከሰሱ፤ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2024 ሕጉን አጸናው። እኛም ደግ አደረገ እንላለን። በንዴት የተነሳ ሰው ሳምንት ቢቆይ ምን ይጎዳል?

የሚያሳስበን ከግዢው በኋላ ያለው ነው። በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ ነዳጅ ማደያና ሱቅ የሚጠብቁ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ፍርሃታቸውም የሐሰት አይደለም። ይሁንና የመግዣው ፈቃድ ሽጉጥ በወገብ ታጥቆ ወይም በመኪና መሳቢያ ይዞ ለመዞር አያበቃም። ለዚያ ሌላ ፈቃድ አለ፤ ሳያወጡ መያዝ ወንጀል ነው። ለስደተኛ ደግሞ መዘዙ እስከ መኖሪያ ፈቃድ ሊደርስ ይችላል።

ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ከ2023 ወዲህ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ማኖር ያስጠይቃል። ፍራሽ ሥርና ቁም ሣጥን አናት መደበቂያ አይደሉም፤ ልጆች የማያውቁት የቤት ጓዳ የለም። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት የሚበዙት ራሳቸውን ያጠፉ መሆናቸውን ለሚያውቅ ወላጅ፣ የሚቆለፍ ሣጥን ከሽጉጡ ጋር አብሮ የሚገዛ ዕቃ ነው።